እስከ ቁርቁራው አንድ ሳምንት

ቆላ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በታች መተማን ሳመሰግን የምታነቡኝ የደብረ ታቦር ሰዎች «መምህር ቆላ ወርዶ ፀሐይ መታው» እንዳትሉኝ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር የመተማን ምድር በካርታ ላይ በእንጨት እየጠቆምኩ «እዚህ ሙቀት፣ ወባና ሰሊጥ አለ» ብዬ ወደ ሌላው ገጽ አልፍ ነበር። ወርጄ ያየሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ከሚሊኒየሙ ቀጥሎ በመጣው ዓመት፣ በጥቅምት መጨረሻ ነው። የወሰደኝም ሰሊጡ ሳይሆን ልጄ ናት።

ልጄ ስንዱ መተማ ዮሐንስ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስትሠራ ሦስት ዓመቷ ነበር። እዚያ ሳለች ጊርጊስ ከሚባል የገዳሪፍ ሰው ጋር ተዋደደች። የትራክተርና የመውቂያ ማሽን መካኒክ ነው፤ ድንበሩን ወዲህም ወዲያም እየተሻገረ ይሠራል። ሱዳናዊ ይሁን እንጂ በቁጥር ጥቂት ከሆኑት የቅብጥ ክርስቲያኖች ወገን ስለሆነ፣ እናቷ በሃይማኖት በኩል ያዘጋጀችው ክስ ሳይሰማ ተዘጋ። የቀረው የእኔ ክስ ነበር። «ሽማግሌ ቤቴ ድረስ መጥቶ ካልጠየቀኝ ልጄን አልሰጥም» አልኩ። ነውር አልነበረውም፤ አባቴም አያቴም ያሉት ይህንኑ ነው።

ችግሩ የመጣው ከወረቀት ነው። የጊርጊስ ሽማግሌ ደብረ ታቦር ለመምጣት ካርቱም ካለው ኤምባሲያችን ቪዛ ማግኘት ነበረበት። ኤምባሲው ደግሞ የሴቷ አባት የጻፈው የግብዣ ደብዳቤ ይምጣ አለ። እኔ በበኩሌ ሽማግሌ ላልላከ ሰው የግብዣ ደብዳቤ አልጽፍም አልኩ። ሽማግሌው ደብዳቤውን፣ ደብዳቤው ሽማግሌውን ሲጠብቁ አምስት ወር አለፈ። እኔም ጥፋቱን የኤምባሲው አድርጌ ተመችቶኝ ተቀምጬ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ስንዱ ደወለች። «አባዬ፣ የሱዳን የጉብኝት ቪዛ ፓስፖርቴ ላይ ተመቶልኛል። እስከ ሰኞ ካልተሻገርኩበት ይቃጠላል» አለችና ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ኔትወርክ የለም። ሚስቴ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ልጃችን እንግዳ ሆና ተሻግራ እዚያው ልታገባ ነው ማለት ነው። «ሄደህ አምጣልኝ» አለችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ለስንዱ የሚሆን ግማሽ ጆንያ ድንች መሙላት ጀመረች።

ረቡዕ ሌሊቱ ሲነጋ ከደብረ ታቦር ተነሣሁ። ብርድ ስለነበር ካፖርቴን ደርቤ፣ ጋቢዬን በላዩ ጥዬ ነበር። ጎንደር ከቀትር በፊት ገባሁ፤ ነገር ግን የመተማ መኪና በጠዋት ካልሆነ የለም ስላሉኝ አዘዞ አጠገብ አንዲት አልጋ ቤት አደርኩ። የአልጋ ቤቷ ባለቤት ካፖርቴን አይታ «ወዴት ነው ጋሼ?» አለችኝ። መተማ ስላት ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ለሰው ሳቅ ልብሱን የሚያወልቅ ሰው አይደለሁም።

ሐሙስ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከእኔ በቀር ተሳፋሪው ሁሉ ማጭዱን በጨርቅ የጠቀለለ የቀን ሠራተኛ ነበር። ከጎጃም የመጣ አለ፣ ከወሎ የመጣ አለ፤ ሁሉም ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርድ ነው። አይከል እስክንደርስ ድረስ በካፖርቴ ሲቀኑ የነበሩት እነሱ ናቸው። ከአይከል በኋላ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ጋቢዬን አጣጠፍኩ። ነጋዴ ባሕር የምትባል ከተማ ላይ ካፖርቴን፣ ከዚያ ኮቴን፣ ከዚያ ሹራቤን አወለቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎጃሜ ሲያየኝ ቆየና «ጋሼ፣ ሸሚዙን እንኳ ለመተማ ያቆዩት» አለኝ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሸሕዲ ድረስ ልብሴን ተራ በተራ የያዙልኝ እነሱ ናቸው።

ሸሕዲ ስደርስ የሰው ብዛት አስደነገጠኝ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሠራተኛው ማጭዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ባለ እርሻው ደግሞ እየዞረ ይዋዋላል። የእኛ የቅዳሜ ገበያ እህል ሲሸጥበት ይውላል፤ እዚህ የሚዋዋለው ጉልበት ነው። እዚያ መኪና ቀይሬ ወደ መተማ ስንቀጥል ግማሽ ሰዓት ሳንጓዝ የሚኒባሷ ራዲያተር ፈላ። ሹፌሩ ወርዶ ክዳኑን ሲያይ እኔ ከድንቼ ጋር መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ቀረሁ። ጥላ ብዬ የቆምኩበት ዛፍ ቅጠል አልነበረውም።

ተጎታቹ ላይ የውኃ በርሜል የጫነ ትራክተር መጥቶ ቆመ። አንድ ረጅም፣ ፊቱ ፀሐይ የጠገበ ሰው ወርዶ እኔን ሳይሆን ጆንያዬን ተመለከተ። ጎንበስ ብሎ አንድ ድንች በሁለት ጣቱ አወጣና አሸተተ።

«ይህማ የፋርጣ ድንች ነው» አለ። «ከየት ነዎት ጋሼ?»

«ደብረ ታቦር።»

«እኔም ከዚያው ከፋርጣ ነኝ። መኳንንት እባላለሁ። ማጭድ ይዤ ለአንድ ወር ብዬ ወርጄ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ይውጡ፣ ይች መኪና ዛሬ አትነሣም። ቤቴ ኮኪት ነው።»

በተጎታች ላይ፣ በርሜል ተደግፌ ኮኪት ገባሁ። ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ የታጨደው ሰሊጥ በነዶ በነዶ ቆሟል። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ከደረሰ በኋላ ቢያዘገዩት ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ይህን የነገረኝ አቶ መኳንንት ነው፤ ሰው ሁሉ እንዲህ በሚጣደፍበት ወቅት ለማያውቀው ሽማግሌ ትራክተር ማቆሙ ገርሞኝ ስጠይቀው «ታዲያ ፀሐይ ላይ ልተውዎ?» ብሎ መለሰልኝ።

ከእኛ ዘንድ ለእንግዳ መጀመሪያ የሚቀርበው ወንበር ነው። ኮኪት ውስጥ መጀመሪያ ውኃ ይሰጡሃል፤ ጠጥተህ ስትጨርስ እንደገና ይሞሉታል፤ ከየት መጣህ የሚለው ጥያቄ ከሦስተኛው ጣሳ በኋላ ይመጣል። የአቶ መኳንንት ሚስት ወይዘሮ የሺ የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረበችልኝ። ጤፍ የለመደ ጉሮሮ መጀመሪያ ይጠራጠራል፤ ሁለተኛውን እንጀራ ግን ጠይቄ ነው የበላሁት። ያደርኩት ደጅ፣ በገመድ በተጠለፈ አልጋ ላይ ነው። ደብረ ታቦር በሦስት ብርድ ልብስ የሚንቀጠቀጥ ሰው በአንድ አንሶላ ጥግብ ብሎ ተኛ።

ዓርብ ጠዋት መተማ ዮሐንስ ወረድኩ። ካፖርቴን ኮኪት መርሳቴን ያወቅሁት ስንዱ «በሸሚዝ ብቻ መጡ?» ስትለኝ ነው። ነጭ ጋውኗን ለብሳ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ ነበር። ከስታለች፤ ግን አካሄዷ የእናቷ ነው፣ ሰው መንገድ ይለቅላታል። የምቆጣውን ቁጣ ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጉልበቴን ስማ ቀና ስትል ጠፋብኝ። ያሳየችኝ ቪዛ እውነትም ሰኞ የሚያበቃ ነው።

ለምሳ ፉል በሰሊጥ ዘይት በላን። እየበላን ሳለ ጊርጊስ መጣ። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ዓይን አፋር ሰው ነው። እጁ ግራሶ ስለነበር መዳፉን አጥፎ አንጓውን ዘረጋልኝ፤ በእኛም አገር እጁ ያደፈ ገበሬ እንዲሁ ነው የሚጨብጠው። አንጓው ላይ ትንሽ የተነቀሰ መስቀል አለ። «አባቴ፣ ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። ልጠላው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ከምሳ በኋላ ሦስታችንም ወደ ድንበሩ ቢሮ ሄድን። አንድ ትዕግሥተኛ ወጣት ሠራተኛ ጉዳያችንን ሰምቶ እስክሪፕቶውን ሳያነሣ በወረቀት ጀርባ ላይ መንገዶቹን ሣለልን። ጥሩ አስተማሪ ይወጣው ነበር።

«አንደኛው፣ እሷ በጉብኝት ቪዛዋ ተሻግራ ገዳሪፍ ታገባለች። ይፈጥናል። ግን ለጉብኝት ገብታ ሚስት ሆና ለመቅረት ወረቀቷን እዚያ ማስቀየር አለባት። እንቢ ካሏት ትመለሳለች፤ እኛ ዘንድ ደግሞ መዝገብ ላይ ያላገባች ናት። ሁለተኛው፣ እሱ ከካርቱም ቪዛ ይዞ ይመጣል፣ እናንተ ዘንድ ይጋባሉ፣ ይመዘገባሉ፣ ከዚያ እሷ በሚስትነት ቪዛ ትጠይቃለች። ይረዝማል። ግን በየደረጃው የሚይዙት ወረቀት አለ።»

«እዚሁ መተማስ?» አለች ስንዱ።

«አሁን እሱ የሚገባበት የድንበር ወረቀት ለሥራና ለገበያ ነው፤ ለጋብቻ ምዝገባ አይሆንም። ከሸሕዲም አያሳልፍም። ለሁለተኛው መንገድ የሚጎድላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባትየው የግብዣ ደብዳቤ።»

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም «ሽማግሌ ቤቴ ሳይመጣ እንዴት ብዬ?» አልኩ። ወጣቱ እስክሪፕቶውን አስቀመጠ። ስንዱ ጣሪያውን አየች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ትክክል ሆኜ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ቅዳሜ ካፖርቴን ለማምጣት ኮኪት ተመለስኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከስንዱ ዝምታ መሸሼም ነበር። አቶ መኳንንት ከእርሻ ገብቶ እግሩን ሲታጠብ ነገሩን ከመጀመሪያው አጫወትኩት። ስጨርስ አልሳቀብኝም።

«ያ ልጅ በድንበር ወረቀቱ ኮኪት ይመጣል አይደል?» አለ።

«ይመጣል። ኮኪት ከሸሕዲ ወዲህ አይደል፤ ሁልጊዜም የሚሠራው እዚህ ነው።»

«የእሱ ሽማግሌስ?»

«አጎት አለው። እሱም የድንበሩ ሰው ነው፣ ያንኑ ወረቀት ያገኛል።»

ጓዳ ሆና ስትሰማ የነበረችው ወይዘሮ የሺ ብቅ አለች። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ቁልፉን ስጣቸው እንጂ» አለችው። እሱም ቀበቶው ላይ ያንጠለጠለውን የበሩን ቁልፍ ፈትቶ መዳፌ ላይ አኖረው። «ነገ ይህ ቤት የእርስዎ ነው። እኔና የሺ ጎረቤትዎ ነን።» ደብረ ታቦር ሠላሳ ዓመት የጎረበተኝ ሰው መሰላል ሊያውሰኝ ሁለት ቀን አስቦበት ያውቃል። ቤቱን ያዋሰኝን ሰው ግን ያወቅሁት ገና ሐሙስ ነው።

ያን ማታውኑ ወደ ስንዱና ወደ ጊርጊስ ሰው ላክን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አቶ መኳንንት ሠራተኞቹን ሁሉ አሳርፎ ፍየል አረደ። ድንቼም ከሥጋው ጋር ድስት ገባ። እኔ በዚያ ሙቀት ኮቴን ለብሼ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ እንደ ባለቤት መሐል ተቀመጥኩ። አቶ መኳንንት ከገዛ በሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች፣ እንግባ?» አለ። «ግቡ» አልኩ። ወይዘሮ የሺም «ጋሼ፣ ወጡ ይውጣ ወይስ ይቆይ?» ብላ ፈቃድ ጠየቀችኝ። አንዳቸውም ፈገግ አላሉም፤ ፈገግ ቢሉ እኔ መቀመጥ ያቅተኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ መጡ። የጊርጊስ አጎት ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ፣ ገዳሪፍ ውስጥ በልብስ ስፌት የሚተዳደሩ አዛውንት ናቸው፤ ጊርጊስ አሙ ሐቢብ ይላቸዋል፣ አጎቴ ማለቱ ነው። አብረዋቸው አረብኛ የሚያውቁ አንድ የመተማ መሪጌታ ነበሩ። ጊርጊስ በወጉ መሠረት አልገባም፤ ከእርሻው ጫፍ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ቆሞ ይታየኛል። ተቀመጡ ስላቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። መሪጌታው ልጄን ለልጃቸው ጠየቁኝ። ከአምስት ወር ጀምሮ እንዲቀርብልኝ የጓጓሁለት ቃል በሙሉ ተባለልኝ።

እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ራሴን ነቅንቄ፣ አባቴ እህቶቼን ሲድር ሁልጊዜ የሚለውን አልኩ። «ከዘመድ ልምከር። በሳምንቱ ተመለሱ።»

በፋርጣ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ያረከሰ ነው። ሦስቴ ካላመላለሰ አይሰጥም። አፌ የለመደውን ተናገረ፤ እኔ አልነበርኩም የተናገርኩት። መሪጌታው ግራ ገብቷቸው ለአሙ ሐቢብ ተረጎሙላቸው። አዛውንቱ ከኪሳቸው የድንበር ወረቀታቸውን አውጥተው ዘረጉልኝ። መመለሻቸው ነገ ነበር። የመጋረጃው ጫፍ ተነቃነቀ፤ ስንዱ ከኋላው ሆና ትሰማ ነበር።

ቃሌን ልመልስ አልቻልኩም፤ ሽማግሌ ፊት የተባለ ቃል አይመለስም። ያን ጊዜ አቶ መኳንንት ተነሥቶ ቆመ።

«ጋሼ ልክ ናቸው» አለ። «ሳምንት ይሁን። ግን እዚህ ቆላ ሳምንቱ ቶሎ ይደርሳል። እስከ ቁርቁራው ዛፍ አንድ ሳምንት ነው። ደርሳችሁ ተመለሱ።»

አሙ ሐቢብ ሲተረጎምላቸው ለረጅም ጊዜ አሰቡ፤ እንደ ቁም ነገር ነው ያሰቡት። ከዚያ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። በዚያ ፀሐይ፣ በታጨደው ሰሊጥ መሐል፣ ቀስ ብለው እስከ ቁርቁራው ሄዱ፤ ጊርጊስ ደንግጦ ምን ሆነ ሲላቸው በእጃቸው ዝም አሰኙትና ተመለሱ። በሩ ላይ ቆመው እንደ አዲስ ሰላምታ ሰጡኝ። እኔም «እንዴት ሰነበታችሁ?» አልኳቸው። ደግሞ ጠየቁኝ። አሁንም ቀጠሮ ሰጠሁ። ሁለተኛውን ሳምንት ሄደው ሲመለሱ ጀለቢያቸው በላብ ርሶ ነበር። አንድ እፍኝ ቁርቁራ ከዛፉ ለቅመው መጥተው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

«ሰጥቻለሁ» አልኩ። ሌላ ብዙ የተዘጋጀ ቃል ነበረኝ፤ አለቀስኩና ቀረ። ወይዘሮ የሺ እልል አለች፤ አቶ መኳንንት «አሁን በቤትዎ ያስቀምጡን እንጂ» ሲለኝ ነው ሰዎቹ እስካሁን ቆመው መሆናቸውን ያስተዋልኩት። ደብረ ታቦር የሚገኘው ቤቴ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሲሚንቶ ወለልና ሦስት ክፍል አለው። እንደዚያ ቀን ቤቴ ተቀምጬ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ቁልፉን መለስኩ። ቢሮው እንደተከፈተ ደብዳቤውን እዚያው በእጄ ጻፍኩ፤ ጽሕፈቴ እስከ ዛሬ አልተበላሸም። የጋባዥና የተጋባዥ ዝምድና የሚል ቦታ ላይ «አማቼ» ብዬ ጻፍኩ። ወጣቱ ሠራተኛ አንብቦ «ጋሼ፣ ገና አልተጋቡም፤ የልጄ እጮኛ ይበሉ» አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ስርዝ ድልዝ ሳርም የኖርኩ ሰው ሰርዤ ላስረክብ? አዲስ ወረቀት ጠይቄ ከመጀመሪያው ጻፍኩት። ከመታወቂያዬ ኮፒ ጋር ለጊርጊስ ሰጠሁት፤ እሱም አጣጥፎ በባለ መስቀሉ እጁ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ድልድዩ ድረስ ሸኘናቸው። አሙ ሐቢብ ከመሻገራቸው በፊት የኮቴን እጅጌ ይዘው ስፌቱን መረመሩና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለሠርጉ ሌላ ይዘውልኝ እንደሚመጡ በምልክት ነገሩኝ። ከዚያ ከዘራቸው ወዲያ ማዶ ካለው ሕዝብ ጋር ተቀላቀለ።

ስንዱ ፓስፖርቷን በእጇ ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ቪዛው እስከ ማታ ይሠራል። የሚያግዳት ሰው አልነበረም፤ እኔም ብሆን ከእሑድ በኋላ አላግዳትም ነበር። ሁለተኛው መንገድ ረጅም እንደሆነ፣ ለጥር ሠርግ ለመድረሱም ማንም ዋስ እንደማይሆን አውቃለሁ። ልጄ ናት፤ ስትጠብቅ ማየት ከበደኝ።

«ልትሻገሪበት ከፈለግሽ ዛሬ ነው» አልኳት። «አልቆጣም።»

ፓስፖርቱን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። «አባዬ፣ በዚህ ቪዛ እንደማልሻገር የወሰንኩት እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ነው። እናንተ በሌላችሁበት አላገባም።»

«ታዲያ በስልክ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ላስቀርሽ ብዬ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት።»

ካፖርቴን ከክንዴ ላይ ወስዳ አቧራውን አራገፈችልኝ።

«ብነግርዎ ይመጡ ነበር?»

ጊርጊስ በጥር ደብረ ታቦር ቪዛውን ይዞ ገባ፤ አቶ መኳንንትና ወይዘሮ የሺም ከሽማግሌዎቹ ጋር ቤቴ ተቀመጡ። ሚስቴ ለሰው ሁሉ የምትነግረው ልጄን ላስመልስ ወርጄ ድሬያት እንደተመለስኩ ነው። እኔ ግን ከመተማ እስከ ጎንደር መኪና ውስጥ፣ ልብሴን አንድ በአንድ መልሼ እየደረብኩ ሳስብ የመጣሁት የልጄን ጥያቄ ነበር። አልመጣም ነበር።